«ታዲያ ለምን እሱን?»፦ በቨርጂኒያ ቅድመ ምርጫ በር ሳንኳኳ የተማርኩት

እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ በሰሜን ቨርጂኒያ ለሪፐብሊካኑ ሴናተር ማርኮ ሩቢዮ የፕሬዚዳንታዊ ቅድመ ምርጫ ዘመቻ በበጎ ፈቃደኝነት አምስት ሳምንት ያህል በር ሳንኳኳና ስልክ ስደውል ከርሜ ነበር። ዕጩዬ በቨርጂኒያም በአገር አቀፍ ደረጃም ተሸንፏል፤ ስለዚህ የማወጋችሁ የተሸናፊ ወገን ተሞክሮ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ ዘመቻዎች ለመሥራት የሚያስቡ ወጣቶች፣ በተለይም የእኛው አገር ልጆች፣ «ወግ አጥባቂ መራጭን በራሱ ፓርቲ ውስጥ ከሚወዳደሩት መካከል አንዱን እንዲመርጥ እንዴት ነው የምናግባባው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ የተሳካልኝንም የተሳሳትኩትንም ሳልደብቅ ለመጻፍ ወሰንኩ።

ሥራዬ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ነው፤ ከቀትር በኋላ ከእንቅልፌ ተነሥቼ እስከ ምሽት ያለው ጊዜ የራሴ ነበር። ወደ አሜሪካ የመጣሁት በዲቪ ነው፤ ይህችን ነገር በኋላ ስለምመለስባት ያዙልኝ። ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ በየአራት ዓመቱ ኖቬምበር ላይ ድምፄን ሰጥቼ ወደ ቤቴ ከመግባት ያለፈ ተሳትፎ አልነበረኝም። በጁን 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ሕጋዊ ባደረገ ጊዜ ግን በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ብዙ ማጉረምረም ሰማሁ፤ ካጉረመረሙትም አንዱ እኔ ነበርኩ። «እናንተ ስታጉረመርሙ ትውላላችሁ፣ ሌላው ሄዶ ይመርጣል» ያለችኝ ባለቤቴ ናት። ሩቢዮን የመረጥኩት በአቋሙ ብቻ እንዳልነበረም አልክድም፤ አባቱ የመጠጥ ቤት አሳላፊ፣ እናቱ የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ የነበሩ ከኩባ የመጡ ስደተኞች ልጅ መሆኑ ልቤን ነክቶት ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ቅድመ ምርጫ አንድ ፓርቲ በኖቬምበር የሚያቀርበውን ዕጩ የሚለይበት ውድድር ነው። በቨርጂኒያ ሰው ለመራጭነት ሲመዘገብ የፓርቲ አባልነት አይሞላም፤ ስለሆነም የተመዘገበ ዜጋ ሁሉ በዕለቱ ምርጫ ጣቢያ ቀርቦ የዴሞክራቶችን ወይም የሪፐብሊካኖችን ወረቀት፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ፣ መጠየቅ ይችላል። በዚያ ዓመት ቀኑ ማርች 1 ነበር። በሪፐብሊካኖቹ ወረቀት ላይ 13 ስሞች ታትመው የነበረ ሲሆን፣ ቀኑ ሲደርስ ግን በውድድሩ ውስጥ የቀሩት አምስት ብቻ ነበሩ፦ ዶናልድ ትራምፕ፣ ማርኮ ሩቢዮ፣ ቴድ ክሩዝ፣ ጆን ኬሲክና ዶክተር ቤን ካርሰን። በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚሰይሙት የቨርጂኒያ 49 የፓርቲ ተወካዮች የሚከፋፈሉት በተገኘው ድምፅ መጠን ስለነበር፣ ሁለተኛም ሦስተኛም የወጣ ባዶ እጁን አይመለስም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ በርክ በተባለው ሰፈር ነበር። ዘመቻው የስም ዝርዝር ይሰጠናል፤ በዝርዝሩ ላይ የመራጩ ዕድሜ፣ አድራሻውና ከዚህ ቀደም በየትኛው ፓርቲ ቅድመ ምርጫ እንደተሳተፈ ተጽፏል፤ ከስሙ ጎን ደግሞ ከ1 እስከ 5 ቁጥር እናከብባለን፤ 1 የቁርጥ ደጋፊ፣ 5 የቁርጥ ተቃዋሚ፣ 3 ገና ያልወሰነ ማለት ነው። ሦስተኛውን በር የከፈቱልኝ ከባሕር ኃይል ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። እንደ ተማሪ በቃሌ ያጠናሁትን ወረድኩት፦ ዕጩዬ ለፅንስ የሕይወት መብት ይቆማል፣ ለሃይማኖት ነፃነት ይቆማል፣ ግብር መቀነስ ይፈልጋል፣ መከላከያውን ማጠናከር ይፈልጋል። ሰውየው ብርዱ ቤታቸው እየገባ በሩን በግማሽ ከፍተው፣ ውሻቸውን በጉልበታቸው ገፋ አድርገው እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «የነገርከኝን ሁሉ እኔም አምንበታለሁ። ክሩዝም ያምንበታል፣ ካርሰንም ያምንበታል። ታዲያ ለምን እሱን?»

መልስ አልነበረኝም። በራሪ ወረቀቱን ሰጥቼ፣ አመስግኜ፣ 3 ላይ አክብቤ ወረድኩ። የዚያን ሌሊት ሥራ ላይ፣ የደም ናሙና የሚያጣራው ማሽን ሲሽከረከር ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የሰውየውን ጥያቄ ሳብሰለስል አደርኩ። ስህተቴ ገባኝ። በኖቬምበር ምርጫ የምትከራከረው በእምነትህ የማይስማማውን ሰው ነው። በቅድመ ምርጫ ግን በሩን የሚከፍትልህ ሰው በሃሳብ የአንድ ቤት ሰው ነው፤ ስለ ፅንስ ወይም ስለ ግብር ስትሰብክለት ለቄስ አቡነ ዘበሰማያት እንደማስተማር ይቆጠራል። እሱን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ያም ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ኖቬምበር ላይ መሸነፍን ይፈራል። ሌላው ዋሽንግተን ልኮት ሲያበቃ የሚከዳውን ሰው ይፈራል። ሦስተኛው ደግሞ ጨዋ ዕጩዎች ሁለት ጊዜ በተከታታይ ተሸንፈውበት መሯል፤ የሚፈልገው ተናካሽ ሰው ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ የምትናገረው ሁሉ ባክኖ ይቀራል።

ከዚያ ቀን በኋላ ንግግሬን ጥዬ በአንድ ጥያቄ መጀመር ጀመርኩ፦ «ከቀሩት ዕጩዎች መካከል በጣም የሚያሳስብዎት የትኛው ነው?» ሰው ማንን እንደሚወድ ለማያውቀው እንግዳ አይናገርም፤ ማን እንደሚያሳስበው ግን፣ በተለይ አረጋዊ ከሆነ፣ ሳትለምነው ይዘረግፍልሃል። ሁለተኛው ጥያቄዬ «የመረጡት ሰው ባይኖር ኖሮ ቀጥሎ ማንን ያስቡ ነበር?» የሚል ነበር። ዕጩዬን በሁለተኛነት የሚያስቀምጡት ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ የእኔ እውነተኛ ሥራ ያለው እነሱ ዘንድ መሆኑን እየቆየሁ ተረዳሁ። ከትራምፕ የቁርጥ ደጋፊዎች ጋር ግን አልገፋም ነበር። አንድ ጊዜ ሴንተርቪል ውስጥ ከአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ጋር 40 ደቂቃ ተከራክሬ መጨረሻ ላይ ቡና ጋብዞኝ፣ የእሱን ዕጩ ስም ያለበትን ኮፍያ ሊሰጠኝ ሲል ነው የነቃሁት። ደግ ሰው ነበር፤ ነገር ግን በ40 ደቂቃ ስምንት በር ይንኳኳል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሩቢዮ በ2013 ከአራት ዴሞክራቶችና ከሌሎች ሦስት ሪፐብሊካኖች ጋር ሆኖ ትልቅ የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ረቂቅ አቅርቦ ነበር። ረቂቁ ሰነድ ለሌላቸው ሰዎች ወደ ዜግነት የሚወስድ ረጅም መንገድ የሚከፍት ሲሆን በሴኔት 68 ለ32 በሆነ ድምፅ አልፏል፤ የተወካዮች ምክር ቤቱ ግን ለድምፅ እንኳን ሳያቀርበው ቀረ፤ ሩቢዮ ራሱም በኋላ ወደ ኋላ አፈገፈገ። በወግ አጥባቂው ደጅ ይህ ነገር እንደ ቁስል ነበር። ስፕሪንግፊልድ ውስጥ አንዲት እናት በሩን ከፍተው የዕጩዬን ስም እንደሰሙ «እሱማ በ2013 ሸጦናል!» አሉና፣ ወዲያው ፊቴንና አነጋገሬን ልብ ብለው ደንገጥ ብለው፣ «አንተን ማለቴ አይደለም» አሉ። እኔም ሳቅኩ፣ እሳቸውም ሳቁ። ስደተኛ ሆኜ ስለ ስደተኞች ሕግ ለመከላከል ሳይሆን ይቅርታ ለመጠየቅ የቆምኩ መሰለኝ።

ከሳቸው በኋላ ጉዳዩን ሰዎች ሳያነሡት እኔው ቀድሜ ማንሣት ጀመርኩ። «በ2013 ረቂቅ ቅር ሊሰኙበት እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ያደረገውም ይህ ነው፣ የተወውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚያ ብቻ የማይመርጡት ከሆነ አልጎተጉትዎትም» እላለሁ። የዘመቻው አስተባባሪ ይህን ስትሰማ «ለጠላት ጥይት ማቀበል ነው» ብላ ተቆጣችኝ። በእኔ ዝርዝር ላይ የታየው ግን ሌላ ነው፤ ነገሩን እነሱ ሲያነሡት ክርክር ይሆናል፣ እኔ ሳነሣው ወሬ ይሆናል። ወግ አጥባቂ መራጭ በአመዛኙ ብዙ ጊዜ የተታለለ መራጭ ነኝ ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ የምታቀርብለትን ሰው ጉድለት ከአንተ አፍ ሲሰማ ቀጥሎ የምትለውን ለማዳመጥ ይፈቅዳል። ሁሉም ይመርጥልሃል ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ አልመረጡም።

ፌብሩዋሪ 13 ቀን ወግ አጥባቂው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ አረፉ፤ ተተኪ የሚያጨው ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት በየበሩ የነበረው ወሬ ሁሉ ተቀየረ። እስከዚያ ቀን ድረስ የዳኞች ነገር እኔ የማነሣው ርዕስ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሰዎቹ ራሳቸው በሩን ሳይከፍቱ ጀምረው ያነሡት ነበር። ያልወሰኑትን «ቀጣዩን ዳኛ የሚሾመው ሰው ኖቬምበር ላይ ማሸነፍ የሚችል መሆን የለበትም ወይ?» ብዬ ስጠይቅ 3 የነበረው ወደ 2 ሲወርድ አይቻለሁ። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ በኒው ሃምፕሸር ክርክር ላይ ሩቢዮ አንድን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ በማለቱ ያኔ ገና ተወዳዳሪ የነበረው ክሪስ ክሪስቲ አሳፍሮት ነበርና፣ «ያ እንደ ቴፕ የሚደጋግመው ሰውዬ?» የሚሉኝ አልጠፉም። ለዚህ የሚሆን መከላከያ አልነበረኝም፤ «አዎ፣ ያን ምሽት አበላሽቷል» ብሎ ማለፍ ይበቃ ነበር።

የሐበሾቹ ሥራ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ዘመቻው የሰጠኝ ዝርዝር ላይ የሐበሻ ስም እምብዛም አልነበረም፤ ምክንያቱም ዝርዝሩ የሚሠራው ቀድሞ በቅድመ ምርጫ ከተሳተፈ ሰው ነው፣ የእኛ ሰው ደግሞ በቅድመ ምርጫ አይሳተፍም። ስለዚህ በአሌክሳንድሪያና በቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ የማውቃቸውን በእጄ ጻፍኩ፤ 61 ሆኑ። ሁሉም ዜጎች መሆናቸውን አስቀድሜ አረጋግጫለሁ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዘመቻ ገንዘብ ማዋጣትም በበጎ ፈቃድ መሥራትም ይችላል፤ መራጭ ሆኖ መመዝገብና በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ድምፅ መስጠት ግን አይችልም፤ በየዋህነት ያደረገው እንኳን ቢሆን ዜግነት የማግኘት ዕድሉን ሊያሳጣው፣ ከአገር ሊያስባርረውም ይችላል። መጀመሪያ ስለ ዜግነቱ ሳትጠይቅ «ና ተመዝገብ» ማለት ወዳጅህን ገደል መክተት ነው።

እነዚህ 61 ሰዎች ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጾምና ጸሎት የሚናገሩትን ብትሰማ ከበርክ አዛውንት ይልቅ ወግ አጥባቂ ናቸው። ኖቬምበር ላይ ግን አብዛኞቹ ለዴሞክራት ይመርጣሉ፤ ስደተኛን የሚቀበለው እሱ ነው ብለው ስለሚያምኑና ባራክ ኦባማን ስለሚወዱ ነው። እኔ ኖቬምበርን እንዲለውጡ አልጠየቅኳቸውም። «ሪፐብሊካኖቹ የሚያቀርቡት ሰው ማን ይሁን የሚለው ለእኛም ይመለከተናል፤ ሕጉም ይፈቅድልናል» ነው ያልኩት። ይህን ሲሰሙ የተገረሙት ስንቶቹ ናቸው! 15 ዓመት ቨርጂኒያ ኖረው ማርች ላይ ድምፅ መስጠት እንደሚችሉ የማያውቁ ነበሩ።

ያልጠበቅኩት እንቅፋት ፊርማ ነበር። የቨርጂኒያ ሪፐብሊካን ፓርቲ በዚያ ዓመት ድምፅ የሚሰጥ ሁሉ «ሪፐብሊካን ነኝ» የሚል ወረቀት እንዲፈርም ወስኖ ነበር፤ ብዙ ተቃውሞ ስለገጠመውም በጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ተወው። መተዉ ግን ወሬው የደረሰበት ቦታ ሁሉ አልደረሰም። ቀበሌንና የኢሠፓን የአባልነት ቅጽ ለሚያስታውስ ሰው «የፓርቲ ወረቀት ትፈርማለህ» ማለት ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። አንዲት በሸማ ንግድ የምትተዳደር እናት «ልጄ፣ እኔ አንድ ጊዜ ፈርሜ ያየሁት ይበቃኛል» ብላ በሩን ልትዘጋብኝ ነበር። የሚበጀው እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር ነው፦ ፊርማው ቀርቷል፤ የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደወሰድክ በመዝገብ ይቀመጣል፣ ፓርቲዎችም ያንን ማየት ይችላሉ፤ ማንን እንደመረጥክ ግን ማንም አያውቅም። ሁለተኛውን ክፍል ደብቄ «ምንም አይመዘገብም» ብል ኖሮ፣ ከምርጫው በኋላ ከፓርቲው የሚላክላቸው ፖስታ ያጋልጠኝ ነበር።

ዲቪን ያነሡብኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ እዚህ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ። ሻይ አቅርበውልኝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ፣ «የ2013ቱን ረቂቅ አንብበኸዋል?» አሉኝ። አላነበብኩትም ነበር። «እኔ አንብቤዋለሁ። ዲቪን ያስቀራል። ወንድም ለወንድሙ የሚያመለክተውንም ያስቀራል። አንተ የመጣኸው በምንድነው?»

ጸጥ አልኩ። ነጮቹ በር ላይ ረቂቁ ለስደተኛ ያዳላል ብለው ሲወቅሱኝ ከርሜ፣ እዚህ ደግሞ ያው ረቂቅ የእኔን መምጫ በር እንደሚዘጋ ሲነገረኝ የምለው ጠፋኝ። ቤቴ ገብቼ ሳጣራ ጋሼ ልክ ነበሩ፤ ረቂቁ የዲቪ ዕጣንና የወንድምና እህት ማመልከቻን አስቀርቶ በትምህርትና በሥራ ልምድ ነጥብ የሚሰጥ ሥርዓት ሊተካ ነበር። በማግሥቱ ደውዬ «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ አላውቅም ነበር» አልኳቸው። «ማወቅ ነበረብህ፤ ሰው ቤት ሄደህ ምረጡ የምትል አንተ ነህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለሐበሻ ወዳጆቼ ይህንን ከሁሉ በፊት እነግራቸው ነበር። አምስት ሰዎች በዚህ ምክንያት ብቻ «አይሆንም» ብለውኛል፤ ሌሎቹ ግን ረቂቁ ሕግ ሳይሆን መቅረቱን፣ ትራምፕና ክሩዝም በዚህ ረገድ ከእሱ የላሉ አለመሆናቸውን አመዛዝነው ቀጠሉ።

በሐበሻው ዘንድ የሩቢዮ ዋና ተፎካካሪ ግን ትራምፕም ክሩዝም አልነበሩም፤ ዶክተር ካርሰን ነበሩ። ከድህነት ተነሥተው የአንጎል ቀዶ ሐኪም የሆኑ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው ጥቁር ሰው፤ ታሪካቸውን ለልጆቹ ያልተረከ የሐበሻ ወላጅ ማን ነው? መጀመሪያ «ዶክተሩ አያሸንፉም፤ ድምፅዎን አያባክኑ» እል ነበር፤ ይህ ግን ስድብ ሆኖ ይሰማ እንደነበር ያወቅኩት አንድ ጓደኛዬ «እኛ ሰው ያሸንፋል ብለን አይደለም የምናከብረው» ብሎ ሲያኮርፈኝ ነው። በኋላ ዶክተሩን ማመስገን፣ ስለ ሁለተኛ ምርጫቸው መጠየቅ፣ ከዚያም ተወካዮቹ እንዴት እንደሚከፋፈሉ በወረቀት ላይ እየሠራሁ ማሳየት ይሻል እንደነበር ተማርኩ። ሂሳብ የሚወድ ሰው በዚህ ይለወጣል፤ በፍቅር የሚመርጥ ግን አይለወጥም፣ ሊለወጥም አይገባውም።

ቤተ ክርስቲያንን በተመለከተ አንድ ጥፋት ልናዘዝ። ከቅዳሴ በኋላ በማስታወቂያው ሰዓት ሁለት ደቂቃ እንዲሰጠኝ የሰበካ ጉባኤውን ሊቀ መንበር ለመንኩ። በትሕትና እንቢ አሉኝ፤ እንቢታቸውም ትክክል ነበር። ከግብር ነፃ የሆነ የሃይማኖት ተቋም ለዕጩ እንዳይቀሰቅስ ከ1954 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነበር፤ እኔ ለሁለት ደቂቃ ብዬ ሕዝቡ በብድር የገዛውን ሕንፃ አደጋ ላይ ልጥል ነበር። ምእመናን እንደ ግለሰብ ከግቢው ውጭ፣ በቤታቸውም በቡና ላይም የሚነጋገሩት ግን የራሳቸው ነው፤ የእኔም ሥራ ወደዚያ ዞረ። በጾመ ነነዌ ሳምንት፣ ከፌብሩዋሪ 22 እስከ 24፣ ማንንም አላስቸገርኩም። ይህን የማነሣው ሁለት ሰዎች «በጾሙ አለመምጣትህን ወደድንልህ» ስላሉኝ ነው፤ ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ ይልቅ ያልተናገርኩባቸው ሦስት ቀናት ሳይጠቅሙኝ አልቀሩም።

በጣም የምጸጸትበት ነገር የደረሰው በመጨረሻው እሑድ ነው። ለእትዬ፣ ለባለቤቴ አክስት፣ ስለ ሩቢዮ ስነግራቸው የተንተራስኩት በጨዋነቱ ላይ ነበር። እትዬ ቴሌቪዥን ላይ ዕጩዎቹ ሲሰዳደቡ እያዩ «እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም ወይ?» ይሉ ስለነበር፣ «የእኔው ሰው አይሳደብም፤ ጨዋ ነው» አልኳቸው፤ እሳቸውም «እንግዲያውስ እመርጠዋለሁ» አሉኝ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን ሩቢዮ እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሴለም ከተማ በሚገኘው ሮአኖክ ኮሌጅ በተደረገ ስብሰባ፣ በትራምፕ የእጅ ትንሽነት ላይ ቀለደ፤ ቀልዱም ከእጅ አልፎ የሚሄድ ነበር። ሰኞ ጠዋት ከሥራ እየወጣሁ ሳለ እትዬ ደወሉ። የልጅ ልጃቸው በስልኳ አሳይታና ተርጉማላቸው ነበር። «ጨዋ ነው ያልከኝ ይህንን ነው?» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። እኔም የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቁልፌን እንደያዝኩ ቆሜ «እትዬ፣ አፍሬአለሁ» ከማለት ውጪ የምለው አልነበረኝም። ሩቢዮም በኋላ በዚያ ነገር መጸጸቱን፣ ልጆቹም ማፈራቸውን በአደባባይ ተናግሯል፤ ለማርች 1 ግን አልደረሰም።

ለዘመቻ የምትወጡ ሁሉ ይህችን ያዙልኝ፦ የሰውየውን አፍ እናንተ አትጠብቁትም፤ ስለዚህ በድምፅ አሰጣጡ ታሪክ፣ በአቋሙ፣ በሚሾማቸው ሰዎች ላይ ተከራከሩ እንጂ በጠባዩ ላይ ዋስ አትሁኑ። እኔ ለእትዬ የዋስ ያህል ነበር የቆምኩት።

ስለ ዕለቱ ሥራ ባጭሩ ላውሳ። ጣቢያዎቹ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነበሩ፤ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ግድ ነበር፤ በበራፉ 40 ጫማ ዙሪያ መቀስቀስ ክልክል ስለሆነ የምንቆመው ከምልክቱ ወዲያ ነው። ለአረጋውያኑ የነገርኳቸው ዋናው ነገር ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም አካሉ የደከመ መራጭ፣ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል እስካልሆነ ድረስ፣ የሚያምነውን ሰው ለእርዳታ ይዞ መግባት እንደሚችል ነው። ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ። ከ13ቱ ስሞች ስምንቱ ውድድሩን የተዉ ሰዎች ስለሆኑ አምስቱን ብቻ በአማርኛ ጽፌ ሰጥቻቸው ነበር፤ የአምስቱንም ስም የጻፍኩት በእኩል መጠን ነው፣ የእኔን ሰው አላጎላሁም። አስተባባሪዋ ይህንንም አልወደደችውም።

ማታ ሥራ ከመግባቴ በፊት ውጤቱን በስልኬ እከታተል ነበር። ሩቢዮ በፌርፋክስ፣ በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ አሸነፈ፤ ከሌላው አካባቢ የመጣው ድምፅ ግን ወደ ትራምፕ አጋደለ። መጨረሻ ላይ ትራምፕ 356,840፣ ሩቢዮ 327,918 አገኙ፤ ተወካዮቹም 17 ለ16 ሆኑ። ሩቢዮ ማርች 15 በገዛ ግዛቱ በፍሎሪዳ ሲሸነፍ ከውድድሩ ወጣ።

የምርጫው ማግሥት የዓድዋ በዓል ነበርና አመሻሽ ላይ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ የመራጮች መዝገብ ሲወጣ እንዳየሁት፣ ከጻፍኳቸው 61 ሰዎች 23ቱ የሪፐብሊካኖችን ወረቀት ወስደው ድምፅ ሰጥተዋል፤ ከእነሱም አንዷ እትዬ ናቸው። ማንን እንደመረጡ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጋሼ ግን ያን ዕለት ጠላ እየቀዱልኝ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

«በሙሉ ልቤ ሄጄ መረጥኩ፤ ስላስታወስከኝ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ዶክተሩን ነው የመረጥኩት።»